የግቢ ነህ የከተማ?

ዛሬ ከሸገር ወጣ እንበልና ወደ ደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ጅማ እንግባ። እኔ እዚያ ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁንም እዚያው የምኖር ነኝ። ጅማ ሲባል እናንተ ትዝ የሚላችሁ ቡናው፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ ይሆናል። እኛን ልጆቿን ግን አዲስ ሰው ሲተዋወቀን የሚጠይቀን አንድ ነገር ነው። «የግቢ ነህ የከተማ?»

ግቢ ማለት ዩኒቨርሲቲው ነው። የእርሻው ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1952፣ የጤናው ተቋም ደግሞ በ1983 ነው። ሁለቱ ተዋሕደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሆኑት በ1999 ነው። እኛ ሰፈር ታዲያ ዘመን የሚለወጠው በእንቁጣጣሽ እንዳይመስላችሁ! ፍሬሽ ሲገባ ዓመቱ ይጀምራል፣ ጂሲ ጋውኑን ለብሶ ፎቶ ሲነሳ ዓመቱ አለቀ። ባጃጁም፣ ምግብ ቤቱም፣ ክፍል አከራዩም የሚያውቀው ካላንደር ይኸው ነው።

እኔ 12ኛን ጨርሼ ግቢ አልገባሁም። ግን በሩ አጠገብ ጽሑፍ ቤት ስለምሠራ ስንቱን ሪሰርች ተይቤዋለሁ መሰላችሁ! ስለ ወባ፣ ስለ ቡና በሽታ፣ ስለ እናቶች ጤና ብትጠይቁኝ ትንሽ ትንሽ አላጣም። በጣም የምወደው «ምስጋና» የሚለውን ገጽ ነው። መጀመሪያ ፈጣሪ፣ ቀጥሎ አማካሪው፣ ከዚያ ቤተሰብ ይመሰገናሉ። እኛ ደግሞ መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር እንነሳለን፤ «መጠይቁን ለሞሉልን ነዋሪዎች።» ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን ወደ ሕዝቡ ልኮ በማስተማር የታወቀ ስለሆነ፣ መጠይቅ ይዞ በራችንን ያላንኳኳ የለም። እናቴማ «ሽንት ቤታችሁ ክዳን አለው?» የሚለውን በቃሏ ይዛዋለች። «ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ቡና ጠጣ፤ ክዳኑ የትም አይሄድም» ትላለች።

ቀልዱን እንተወውና፣ እንዲህ ያለ ከተማ ውስጥ መኖር በሌላ ሰው ትንፋሽ እንደ መተንፈስ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ተማሪው ወደየቤቱ ሲሸኝ ሰፈሩ ጭር አለ። ነን ካፌዎችን በዱቤ ትመግብ የነበረች ጎረቤታችን ደብተሯን ታቅፋ ቀረች። ከወራት በኋላ ከየክፍለ ሀገሩ ብር የላኩላት አሉ። ስልካቸውን የዘጉም አሉ። ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል፣ እኛ ሰፈር የደነገጠው የተማሪ ወላጅ ብቻ አልነበረም። ክፍል የሚያከራየውም አብሮ ደነገጠ። ወደ ማለፊያው ለተጠጉት ሬሜዲያል የሚባለው ትምህርት ተጀመረና ትንሽ ተነፈስን።

ከኪስ በላይ የሚጎዳው ግን የልብ ጉዳይ ነው። አንዲት የማውቃት ፀጉር ሠሪ ከአንድ ጂሲ ጋር ሁለት ዓመት ቆየች። ምረቃው አንድ ወር ሲቀረው እሱም ምንም አይል፣ እሷም አትጠይቅ። «ምን ላድርግ?» ብላ አማከረችኝ። «ጋውኑን ሳይለብስ ጠይቂው» አልኳት። «መልሱን ብፈራውስ?» አለች። «ብትፈሪውም መልሱ ያው ነው፤ ቀድመሽ ብታውቂው ይሻላል» አልኳት።

ጠየቀችው። ልጁም አልዋሻትም። «ቤተሰቦቼ ጋ ሄጄ ሥራ እፈልጋለሁ። መቼ እንደማገኝ አላውቅም። ጠብቂኝ ብዬ ላስርሽ አልችልም» አላት። ሁለት ቀን አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን ሱቋን ከፈተች፤ የምረቃ ሳምንት እኮ ዋናው የሥራ ጊዜዋ ነው! የእሱን የክፍል ልጆች ፀጉር በተራ ሠርታ አስመረቀቻቸው። «ደስ አላለኝም፤ ግን አውቶቡስ ተራ ቆሜ ከማወቅ ተረፍኩ» አለችኝ። እኔም ከዚህ የተሻለ አልነግራችሁም።

እንግዲህ ለከተማ ልጆች የምለው ይህን ነው። ከግቢ ልጅ ጋር ተወዳጁ፣ ተማሩበት፣ ሳቁበት። ነገር ግን ጓደኞቻችሁ ሁሉ የግቢ ብቻ አይሁኑ፤ በየዓመቱ ሐዘን ትቀመጣላችሁ። የማይመረቅ ጓደኛ ይኑራችሁ። ገቢያችሁም እንደዚያው ነው፤ ክረምት ላይ የሚገዛችሁ ደንበኛ ፈልጉ።

ለእናንተ ለተማሪዎቹ ደግሞ፣ ጅማን ራሳችሁ መርጣችሁ ላትመጡ ትችላላችሁ፤ ምደባ ነው ያመጣችሁ። ቢሆንም አራት አምስት ዓመት ቀላል ዕድሜ አይደለም። ከዶርምና ከካፌ ወጥታችሁ ጂረን ውጡ፤ ከተማዋን ከላይ እዩአት። አፋን ኦሮሞ የማትችሉ ሰላምታውን እንኳ ልመዱ። ከመሄዳችሁ በፊት ዱቤያችሁን ክፈሉ፤ የገንዘቡንም የፍቅሩንም። «አብረን አንቀጥልም» ማለት ከባድ ቢሆንም ሳይናገሩ ሹልክ ከማለት ይሻላል።

የተመረቁት አንዳንዴ ለሥራ ብቅ ሲሉ ያገኙኛል። «አንተ! እስካሁን እዚሁ ነህ?» ይሉኛል፣ ያዘኑልኝ ይመስል። አዎ፣ እዚሁ ነኝ። እነሱ የተከራዩበትን ቤት፣ የበሉበትን ሽሮ፣ የተጣሉበትን ጥግ ሳይቀር የማስታውስላቸው እኔ ነኝ። ሁሉም ቢሄድ ማን ይቀበላቸው ነበር?

በሉ ውድ አንባብያን፣ ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ደህና ሁኑልኝ። ዱቤ ያለባችሁም አስቡበት!