አያ ጅቦን ማን አሞኘው?

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ትንሽ ረዘም ይልብኛል፤ ታገሱኝ።

ልጆቻችን ላይ ተስፋ መቁረጥ በዝቷል። በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት የ2014ቱ 3.3 በመቶ፣ የ2015ቱ 3.2 በመቶ፣ የ2016ቱ ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን የ9ኛ ክፍል ልጅም ሰምቶታል። «ቲቸር፣ ብናጠናስ ምን ዋጋ አለው?» ይሉሃል። የእኛ መልስ ምንድን ነው? ወይ ቁጣ፣ ወይ አዳራሽ ሰብስቦ «ትችላላችሁ! ቀና ቀናውን አስቡ!» ማለት። ልጁ አጨብጭቦ ይወጣል፣ ያው ነው። ቀና አስተሳሰብ በማይክራፎን አይገባም።

አያቶቻችን በሌላ መንገድ ነበር የሚያስገቡት። ለገጠር ልጅ ጅብ እኮ ተረት አይደለም። ማታ ማታ ከአጥሩ ውጭ ሲጮህ ይሰማዋል፣ የቤቱን አህያ በልቶበታል። ያንን አውሬ ነው እሳት ዳር ቁጭ ብለው «አያ ጅቦ» እያሉ፣ የታላቅ ወንድም ማዕረግ ሰጥተው የሚያሞኙት! ሆዳም፣ ተላላ፣ እመት ጦጢት የምትሸውደው። ልጁ እየሳቀ ይተኛል። ጅቡ አሁንም ውጭ አለ፣ በሩም በደንብ ተዘግቷል፤ ማንም ጅብ የለም አላለውም። ግን ትንሽ ሆኖ ትልቁን በመላ ማለፍ እንደሚቻል በዓይነ ሕሊናው አይቷል። እኔ ቀና አመለካከት የምለው ይሄን ነው።

እንቆቅልሽማ ይብሳል። መልሱ የጠፋው ልጅ ምን ይደረጋል? «አገር ስጠኝ» ይባላል። ጎንደርን ወይ ጎጃምን ይሰጣል፣ ጠያቂው አገሩን ተረክቦ ይፎክርበታል፣ ሁሉም ይስቃል፣ ተሸናፊውም ይስቃል። ከዚያ ወደ ቀጣዩ። እስቲ አስቡት፣ ጎጃምን የሚያህል አገር አጥቶ የሚስቅ ልጅ! መሸነፍን እንዲህ እየተጫወተ ያልተለማመደ ልጅ፣ መጀመሪያ የሚሸነፈው ማትሪክ ላይ ሲሆን ምን ይዋጠው?

«ልጅ ጋር ከቀለድክ ይንቅሃል» የሚሉ አሉ፣ መምህራንም ወላጆችም። በ2009 ያረፉት አባባ ተስፋዬ (ነፍሳቸውን ይማር) ስንት ዓመት ሙሉ በቴሌቪዥን ተረት ነገሩን። በዚያ ዕድሜያቸው ድምፃቸውን እየቀያየሩ ሲጫወቱ ክብራቸው ሲቀንስ ያየ አለ? ደግሞ ቀልድ ስል በልጅ መቀለድ ማለቴ አይደለም። በመልኩ፣ በአነጋገሩ፣ በደብተሩ መቀዳደድ ክፍሉን የሚያስቅ መምህር አለ፤ ያ ዱላ ነው፣ ድምፅ የሌለው ዱላ።

እኔ ሒሳብ ላይ አርብ አርብ የመጨረሻዋን 5 ደቂቃ እሰጣቸዋለሁ። የከበዳቸውን ነገር እንቆቅልሽ ያደርጉታል። አንዱ ምን አለ መሰላችሁ፦ «ሁሌ ይፈለጋል፣ ሲገኝ ግን ስሙን ቀይሮ ይገኛል።» ማንም አላወቀም፣ እኔም አገር ሰጠሁ። ለካ ኤክስ ነው! ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ያ ልጅ እኩልታ ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ አንገቱን የሚደፋ ልጅ ነበር።

በዚህ ብቻ ፈተና ያልፋሉ እያልኩ አይደለም። መጽሐፉ ለሦስት ነው፣ ክፍሉ ጢም ብሏል፣ ቁርሱን ሳይበላ የሚመጣም አለ። ቀልድ ዳቦ አይሆንም። ግን «አላውቀውም» ብሎ ዝም ከማለት «እስቲ ልሞክር» ብሎ እጁን የሚያወጣ ልጅ በዝቷል። ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ወላጆች፣ ልጁ ማታ ሲገባ «ስንት አመጣህ?» ከማለታችሁ በፊት «ዛሬ ምን አሳቃችሁ?» በሉት። ተረት ንገሩት፣ መጨረሻውን ግን እሱ ይጨርሰው። አያ ጅቦ ዩኒቨርሲቲ ቢገባስ? ጦጢት ስልክ ቢኖራትስ? የሚመልሰውን ስሙ ብቻ።

በሉ እንግዲህ፣ ከልጅነታችሁ የምታስታውሱትን እንቆቅልሽ ከታች ጣሉልኝ። ለአርብ እፈልገዋለሁ፣ የኔ አልቋል። መልሱን እንዳትጽፉ፤ ካቃተኝ አገር እሰጣለሁ።