ለሞተሩም ጋጣ ይሠራለት

በእንስሳት ሳይንስ መጽሔት ላይ ስለ ሞተር ሳይክል መጻፍ ከርእስ መውጣት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ጉዳዩ የራሳችን ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱን ከላሟ ልጀምር።

እንደሚታወቀው አንዲት ላም ድራት ላይ የምትቆየው ለአጭር ጊዜ ነው። በክፍል የተማርነው 18 ሰዓት ገደማ የሚለው ለውጭ ዝርያዎች ሲሆን፣ የእኛዎቹ ሻኛማ ከብቶች ከዚያም ያነሰ ነው የሚቆዩት፤ ምልክታቸውም ደብዘዝ ያለ ስለሆነ ገበሬው ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። ጠዋት የታየች ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየች በማግሥቱ ጠዋት ትዳቀል የሚለውን ደንብ ያልሸመደደ ተማሪ በመካከላችን የለም። ሰዓቱ ካመለጠ ሌላ 21 ቀን መጠበቅ ነው። ታዲያ ማታ ስልክ የተደወለለት አዳቃይ ቴክኒሻን በማለዳ ተነሥቶ ሞተሩን ቢረግጥ ቢረግጥ እምቢ ካለውስ? አባለዘሩ አለ፣ ናይትሮጅኑ አለ፣ ሙያው አለ፤ ላሟ ግን አሥር ኪሎ ሜትር ርቃ ቆማለች። ገበሬው ደግሞ የካርቡራተር ነገር አይገባውም፣ ሊገባውም አይገደድም። «ማዳቀል የሚሉት ነገር አይሠራም» ብሎ ወደ ጎረቤቱ ኮርማ ይሄዳል። እኛም ስለ ግንዛቤ እጥረት ሪፖርት እንጽፋለን።

ለትብብር ሥልጠና በወጣሁበት አንድ ጣቢያ ያየሁት እስካሁን ይገርመኛል። የናይትሮጅኑ ኮንቴይነር የራሱ ክፍል፣ የራሱ ቁልፍ፣ የራሱ መዝገብ አለው፤ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ስለሆነ እንዳይጎድል በየጊዜው በመለኪያ እንጨት ይታያል። ተገቢ ነው። ኮንቴይነሩን ተሸክሞ የሚሄደው ሞተር ግን ደጅ፣ አጥር ሥር፣ በላስቲክ እንደ ሬሳ ተገንዞ ያድራል። አንድ ቀን ጠዋት ላስቲኩ ሲገለጥ ከውስጡ ውሃ ተንጠባጠበ። ሌሊቱን ዝናብ አልዘነበም እኮ! ወሩ ኅዳር ነበር።

ውሃው ከየት መጣ? የእኔ ክርክር እዚህ ላይ ነው። ወረታ ብርድ አገር ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል፤ ጉና ሥር ላደገ ሰው ቆላ ነው የሚመስለው። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሜዳ ነው፤ ውርጭ እንደ ደጋው አያሰጋውም። ሆኖም ሞተሩን የሚጎዳው ብርዱ ብቻውን አይደለም፤ ብርዱ ከርጥበት ጋር ሲገናኝ ነው። ርጥበት ደግሞ ፎገራ ላይ ሞልቷል። በአንድ በኩል ጣና፣ በመካከል ርብና ጉማራ፣ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ተኝቶበት የከረመ የሩዝ ማሳ። ከጥቅምት እስከ ጥር ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ቀን በፀሐይ የጋለው የነዳጅ ታንክ አየሩን በክዳኑ ቀዳዳ ያስወጣል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ርጥቡን አየር መልሶ ይስባል። ያ ርጥበት በታንኩ ግድግዳ ላይ ጤዛ ይሆናል። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርድና ካርቡራተሩ ሥር ይጠራቀማል። ጠዋት ሞተሩ የሚስበው ቤንዚን ሳይሆን ይህንን ነው።

ላስቲኩስ? ላስቲክ ከላይ የሚመጣውን ዝናብ ይከለክላል፣ ከታች ከመሬት የሚነሣውን እንፋሎት ግን ያፍናል። በተለይ ሞተሩ ገና ከመንገድ እንደተመለሰ፣ ጭቃው ሳይታጠብ፣ ማርሚታው ሳይበርድ እስከ መሬት ድረስ ጥብቅ አድርጎ የሚያስር ሰው ሌሊቱን ሙሉ በእንፋሎት እየቀቀለው ነው። ሞተሩ ይብረድ፣ ይድረቅ፤ ከዚያ ሸራ ቢገኝ ሸራ፣ ካልተገኘ ላስቲኩ ራሱ ከሞተሩ አካል ሳይነካ በእንጨት ተወጥሮ ከላይ ይጋረድ፤ ጎንና ጎኑ ንፋስ ያስገባ። የእኛ አያቶች ጤፍና ዳጉሳ ሲከምሩ ከሥሩ ድንጋይ ወይም እንጨት የሚረበርቡት ለዚሁ አይደለም እንዴ?

ክረምት ሲሆን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የፎገራን ዋልካ አፈር የማያውቅ የለም፤ ሲርስ ይውጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሞተሩ በጎን መቆሚያው ዋልካ ላይ ከቆመ መቆሚያው ሰጥሞ ሌሊት ይወድቃል፤ ሲወድቅ ቤንዚኑ ይፈስሳል፣ ፍሪሲዮን መያዣው ይሰበራል። ቢያንስ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ጣውላ ከሥሩ ማድረግ አያቅትም። ጎርፉ ደግሞ ሌላ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራን የመታው ጎርፍ ሰውና ከብት ያፈናቀለ ነበርና ስለ ሞተር ማውራት ያኔ ቅንጦት ይሆን ነበር። ግን በየዓመቱ የሚመጣው አነስተኛው ጎርፍም ዝቅ ያለ ቦታ ላይ የቆመ ሞተርን እስከ ቸርኬው ወገብ ያጠልቀዋል። እንዲህ ያለ ሞተር ሳይመረመር መነሣት የለበትም፤ ውሃ በአየር ማጣሪያው በኩል ገብቶ ከሆነ መርገጡ ራሱ ሞተሩን ሊጎዳው ይችላል። ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ መስሎ ከታየ ያለ ጥርጥር ውሃ ገብቷል፣ ይቀየር።

ከከተማ የሚመጣው ምክር «ታንኩን ሞልተህ አሳድረው፣ አየር ከሌለ ጤዛ አይኖርም» ይላል። ትክክል ነው። ግን ደጅ የሚያድርን ሞተር ታንክ ሞልቶ መተው ለቤንዚን ቀጂ ሌባ ግብዣ መጥራት ነው፤ ነዳጁ በኮታ የሚሰጠው ሠራተኛ ይህን አያደርግም፣ እኔም አድርግ አልለውም። ስለዚህ የሚሻለው ማታ የነዳጁን መክፈቻ መዝጋት፣ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ከካርቡራተሩ ሥር ያለችውን ትንሽ ብሎን ላላ አድርጎ የተጠራቀመውን ውሃ ማፍሰስ ነው። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ካቴናውም ሞተሩ ከመንገድ ሲመለስ፣ ገና ሞቅ እንዳለ ዘይት ቢቀባ ዘይቱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጠዋት በርዶ ሲቀባ ግን ከላይ ቀርቶ አቧራ ይሰበስባል። ባትሪውም ሲበርድ ጉልበቱ ስለሚቀንስ ጠዋት በመርገጫ ማስነሣት ይሻላል፤ ከተነሣም በኋላ አንድ ሁለት ደቂቃ ሳያስጨንቁ ማቆየት፣ ዘይቱ እስኪዳረስ። ገፍቶ ማስነሣት አስፋልት ላይ ይሠራ ይሆናል፣ ዋልካ ላይ ግን ሞተሩን ሳይሆን ሰውየውን ነው የሚያስነሣው።

ዶሮዎችንም አንርሳ። መሪው ላይ ማደር ይወዳሉ፤ ኩሳቸው ቀለሙን ይበላል፣ መቀመጫውን ያበላሻል። የሩዝ ገለባ ክምር አጠገብ የቆመ ሞተር ደግሞ አይጥ ከመቀመጫው ሥር ሞቅ ያለ ቤት ታገኝበታለች፣ ሽቦውንም ትቆረጥመዋለች።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በአንድ ሠራተኛ ጫንቃ ላይ መጣል የለበትም። ሞተሩ በሞዴል 22 ተፈርሞ ይወጣል፣ ፈራሚውም ይጠየቅበታል። ጥያቄው ፍትሐዊ የሚሆነው ማሳደሪያ ሲሰጠው ነው። ብዙው ወጣት ሠራተኛ በአንዲት ክፍል የኪራይ ቤት የሚኖር ነው፤ አከራይቱ ሞተሩን ግቢ አስገባ ካለችው ዕድለኛ ነው፣ ከአልጋው አጠገብ ያሳድረው እንዳይባል ደግሞ የቤንዚን ነገር ነውና እሳት አለበት። ለመለዋወጫ በጀት ሲጠየቅ ይከበድ ይሆናል፤ መለዋወጫውን የሚያስበላውን ምክንያት ለማስቀረት ግን የሚያስፈልገው አራት የባሕር ዛፍ ምሰሶ፣ ጥቂት ቆርቆሮ፣ ከፍ ተደርጎ በድንጋይና በጠጠር የተደለደለ ወለል ነው። ሁለት ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ተኩል ለአንድ ሞተር ይበቃል። ዝናብ በሚመጣበት በኩል ብቻ ግድግዳ ይኑረው፣ ሌላው ክፍት ይሁን፤ ከጥበቃው ጎጆ ፊት ለፊት ቢሆን ለሌባውም መላ ይሆናል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ከላም በረት ሳንተርፍ የሞተር ቤት?» ብለው ስቀውብኛል። እኔ የምላቸው ይህንን ነው፤ ድሮ የግብርና ባለሙያ በበቅሎ ሲሄድ ለበቅሎዋ ጋጣ ይሠራላት ነበር፤ ኮርቻዋም ዝናብ አይነካውም። ሞተሩ ከበቅሎዋ የሚለየው ሲበርደው አለመናገሩ ብቻ ነው። ደግሞም ዛሬ ወረታ የምንማረው ነገ የት እንደምንመደብ አናውቅም፤ ከዚህ ወደ ደብረ ታቦር የሚገነጠለውን መንገድ ይዘን ስንወጣ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው የጉና ተራራ ሥር ያሉ ወረዳዎች ይጠብቁናል። እዚያ ጤዛው ውርጭ ይሆናል።

የጥጃ ማደሪያና የዶሮ ቤት አሠራር በተግባር እንማራለን። ከሰኔ በፊት ባለው ጊዜ ከተግባር ሰዓታችን ላይ ሁለት ከሰዓት በኋላ ተቀንሶ፣ በቅርባችን ባለ አንድ ጣቢያ አንድ የሞተር ጋጣ እንሥራ ብዬ ለክፍል ተጠሪያችን ነግሬያለሁ። ምሰሶ የሚያመጣ አለ፤ የጎደለን ቆርቆሮ ነው።