ስለ ሸክላ ማጫወቻ ክንድና ስለ መርፌው ራስ መስማማት

በሐዋሳ ከተማ፥ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ አንድ ቤት ለቡና ተጠርተን ነበር። የቤቱ ጌታ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ከ1960ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ያኖሯቸው፥ አምሃ እሸቴና ካይፋ ካሳተሟቸው ወገን የሆኑ፥ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ ትናንሽ ሸክላዎች አሏቸው። ከእነዚህም አንዱ በሠርጋቸው ቀን የተጨፈረበት ስለ ሆነ፥ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ በየዓመቱ ያን ቀን አውጥተው ያሰሙታል። ዘንድሮ ግን መርፌው ከመስመር መስመር እየዘለለ አላሰማ አለ።

ምክንያቱን ብንጠይቅ፥ ከውጭ አገር የመጣችው ልጃቸው አባቷን ለማስደሰት ብላ ዋጋው የከበረ አዲስ ካርትሪጅ፥ ማለት መርፌውን የሚሸከመውን ትንሽ ራስ፥ ገዝታ በአሮጌው ማጫወቻ ክንድ ላይ እንደ ገጠመችው ተነገረን። አንድ ጎረቤትም ዝላዩን ለማቆም በላዩ ሳንቲም ጭኖበት ኖሯል። ልጅቱ አፍራ «አባባ፥ ውድ የሆነ ሁሉ የሚሻል መስሎኝ ነው» ብትል፥ አባት «ልጄ፥ በሬም እንኳ ሲጠመድ አቻው ይፈለግለታል» ሲሉ መለሱላት።

ነገሩም በእርግጥ እንዲሁ ነው። መርፌው የተተከለባት ቀጭን ዘንግ እንደ ሞላ ትተጣጠፋለች፤ ክንዱ ደግሞ በሞላው ላይ የተጫነ ሸክም ነው። ሸክሙ ሲከብድና ሞላው ሲለሰልስ የሁለቱ ውዝዋዜ ይዘገያል። ይህም በሴኮንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ቢሆን መልካም ነው። ከዚያ ዝቅ ቢል የተጣመመ ሸክላ ሲዞር ከሚያሳየው መነሣትና መውደቅ ጋር ይገጥምና ክንዱ ይዘላል፤ እጅግ ከፍ ቢል ደግሞ የጆሮ መስማት የሚጀምረው በ20 ገደማ ስለ ሆነ ወፍራሙን ድምፅ ያውካል። በሐዋሳ ፀሐይ፥ በመስኮት አጠገብ የሚቀመጥ ሸክላ ደግሞ ሳይጣመም ቢቀር ይደንቀናል።

ሒሳብ የሚወዱ አንባቢዎቻችን፥ ክንዱ ሲንቀሳቀስ የሚያሳየውን ክብደትና የካርትሪጁን ክብደት በግራም ይደምሩ፤ ድምሩን በልስላሴው ቁጥር አባዝተው ዳግም ዘሩን ያውጡና 159ን ለዚያ ያካፍሉ። የሽማግሌው ክንድ 25 ግራም፥ አዲሱ ካርትሪጅ 6 ግራም፥ ልስላሴው 30 ስለ ነበረ መልሱ ከ5 ብዙ አላለፈም። ልስላሴው 8፥ ክብደቱ 9 ግራም የሆነ ጠንከር ያለ ካርትሪጅ ቢሆን ኖሮ ወደ 10 በተጠጋ ነበር። ቁጥሮቹ ከዕቃው ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ ይገኛሉ። ነገር ግን አንዳንድ የጃፓን ፋብሪካዎች ልስላሴውን የሚለኩት በሴኮንድ 100 በሆነ ውዝዋዜ ስለ ሆነ ቁጥራቸው አንሶ ይታያል፤ አንድ ተኩል ወይም ሁለት እጥፍ አድርጎ መቁጠር ይገባል።

ሳንቲሙን ግን አጥብቀን እንቃወማለን። ሸክሙን ጨምሮ ውዝዋዜውን ይብስ ያዘገየዋል፤ ከ2 ግራም የማይበልጥ ጫና የሚፈልገውን መርፌም አላግባብ ይጫነዋል። ዝላዩ ቆመ ተብሎ ደስ ሲባል ሸክላው ይፋቃል፤ የተፋቀውንም መስመር የሚመልስ ባለሙያ የለም።

የቀድሞው ካርትሪጅ ከመሳቢያ ውስጥ ተገኘ። ልጅቱ የሚስማማውን አዲስ መርፌ አስመጥታ፥ ጫናውን በትንሽ ሚዛን ለክታ ገጠመችው። የሠርጉ ዘፈን ከቀኑ ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ተሰማ፤ ሳንቲሙ በፋቀው ቦታ ጥቂት ይንኮሻኮሻል። ሽማግሌው እዚያ ሲደርስ ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ፥ ነገር ግን አላስቆሙትም።