ለቤተ ሰብ ፎቶግራፍ ምን ይለበሳል?

የምርቃት ወራት በደረሰ ቁጥር ከሊበን፣ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ገጠር ተነሥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ ባሕር ዳር፣ አልፎም እስከ አዲስ አበባ የሚጓዘው ወላጅ ብዙ ነው። አባት አዲስ የታጠበ ጋቢውን ተከናንቦ፣ እናት ዳቦ ቆሎዋን ቋጥራ ልጃቸው ዘንድ ይደርሳሉ። ልጁም ጉልበታቸውን ስሞ ከተቀበላቸው በኋላ ዐይኑ ልብሳቸው ላይ ያርፋል። «አባዬ፣ ነገ ለፎቶግራፉ ይህችን ኮት ይልበሱልኝ» ይላል። ኮቷ ወይ የጓደኛ ናት፣ ወይ በፎቶግራፍ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ የመጣው ሁሉ የሚለብሳት ናት። አባትም እሺ ይላል። የልጁ ቀን ነውና ምን ይበል?

እኛ ይህን እንደ ቀላል ነገር ቆጥረን ለማለፍ አልቻልንም። በገጠሩ ቤት የታጠበ ፎቶግራፍ ጥቂት ነው። ስልክ በየኪሱ ቢገባም በስልክ የተነሣው ሥዕል ከስልኩ ጋር ይሰበራል፣ ከስልኩ ጋር ይጠፋል። ብዙ ጊዜ የአንድ አባት መልክ በወረቀት ላይ የሚገኘው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ አንደኛው በመታወቂያው ላይ የተለጠፈው ጉርድ፣ ሁለተኛው በልጁ ምርቃት ዕለት የተነሣው ነው። እግዚአብሔር ያዘዘው ቀን ሲደርስ ቤተ ዘመድ ወደ ከተማ ሮጦ የሚያስተልቀው ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ነው።

አንባቢ የሀገሩን ለቅሶ ያውቀዋል። የሟቹ ልብስ ይወጣል፣ መሣሪያ የነበረው እንደ ሆነ መሣሪያው ይወጣል፣ አልቃሽ ስሙን እየጠራች ታስለቅሳለች፤ ፎቶግራፉም በዘመዶቹ እጅ ከፍ ብሎ ይታያል። እንግዲህ በአንደኛው እጅ ዕድሜውን ሙሉ የለበሰው ጋቢና በርኖስ፣ በሌላው እጅ ትከሻው ላይ የሰፋ የሰው ኮት ለብሶ፣ በከረባት ታንቆ የቆመ ሰው ሥዕል ሲያዝ ምን ይባላል? ከወንዝ ማዶ የመጣ ለቀስተኛ «ይህ ደግሞ ማነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን በዚህ ሐሳብ አይስማሙም። «ገበሬ በቁምጣው ካልተነሣ ገበሬ አይደለም ልትሉን ነው? አባታችንስ ሙሉ ልብስ ቢያምረው?» ይሉናል። ያማረው አባት ይልበስ እንጂ! እኛ የተቃወምነው ኮቱን ሳይሆን ውሰቱን ነው። መጀመሪያ ደመወዙን የተቀበለ ወጣት ለአባቱ ኮት ቢያሰፋ የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ካለው ልብስ ሰፊ ዘንድ አባቱን ይዞ ይሂድ፤ ትከሻው ይለካ፤ ፎቶግራፉም የሚነሣው አባት ኮቱን ሁለትና ሦስት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለብሶት ከሄደ፣ ኪሱንም ከለመደ በኋላ ይሁን። ያን ጊዜ ኮቱ የእርሱ ነው። ኩታውን አጣፍቼ፣ ዱላዬን ትከሻዬ ላይ አጋድሜ ልነሣ ካለ ደግሞ ማንም አይከልክለው። ጫማው ያሳፈረን እንደ ሆነ ፎቶግራፍ አንሺው እስከ ጉልበት ብቻ ሊያነሣ ይችላል፤ ለዚህ ሲባል ሰው የሌላ ሰው ጫማ ውስጥ አይገባም።

በምርቃት ዕለት ልጅ ጋውኑን አውልቆ ለእናቱ ሲደርብላት፣ ቆቡንም በሻሽዋ ላይ ሲደፋላት ስናይ ግን ደስ ይለናል። ማዕረጉ የልጅዋ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ከድካሙም ድርሻዋ ስላለበት ያምርባታል።

ሌላው በዚህ ዘመን የበዛው ነገር ደግሞ መመሳሰል ነው። ከሽሮ ሜዳ አንድ ዓይነት ጥበብ ተገዝቶ ከአያት እስከ ሕፃን ለሁሉም ይሰፋል። ለዐይን ያምራል፣ አንክድም። ነገር ግን እናታችን በቤቷ ሳጥን ያስቀመጠችው፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ ብቻ የሚወጣ የራሷ ቀሚስ፣ የራሷም መቀነት አላት። ያንን ትታ ልጆቿ «ባህል ነው» ብለው ያመጡላትን ስትለብስ፣ ባህልን ከእርሷ የተማሩት እነርሱ መሆናቸው ይረሳል። እኛ ብንጠየቅ ቀለሙን ለማስማማት ነጩ ይበቃል እንላለን፤ ጥለቱ የየራስ ይሁን።

ስለ ነጠላ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ነጠላ በአለባበሱ ይናገራል። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ እንደ መስቀል አመሳቅለው ይለብሱታል፤ ሐዘን ሲሆን ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቀው ይለብሱታል። ይህን የማያውቅ ወጣት ፎቶግራፍ አንሺ ጥለቱ ከፊት ጎልቶ እንዲታይለት ብሎ በገዛ እጁ ነጠላውን ቢያገላብጠው፣ በምርቃት ቀን እናትን ሐዘንተኛ አድርጎ ያስቀራታል። ነጠላውን እርሷ ታስተካክለው፤ እርሱ ካሜራውን ያስተካክል።

ወደ ኋላ ብንመለከት በቀድሞ ዘመን ፎቶግራፍ ልብስ ማለት ማዕረግ ነበር። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አዲስ አበባ ገብቶ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ኃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ወርሰው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘለቁ። በዚያ ዘመን በተነሡት የመኳንንት ሥዕሎች ላይ ካባውን፣ ለምዱን፣ በርኖሱን ያየ ሰው የባለቤቱን ደረጃ ያነብ ነበር። ዛሬ ማዕረጉ በልብስ አይለካም፤ ፎቶግራፉን የሚያይ የልጅ ልጅ ግን አያቱ ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበረ ለማወቅ ያው ልብሱን ማየቱ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው መጽሐፍ የተዘጋጀው ከየሰው ቤት ከተሰበሰቡ አሮጌ ፎቶግራፎች ነው። ወረቀት ላይ ታጥበው በየሣጥኑ ባይቆዩ ኖሮ ምን ይሰበሰብ ነበር?

የሀገር ልብስ ነጭ መሆኑ ለካሜራ ችግር ያመጣል፤ መፍትሔ ግን አለው። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ይገምታል። ነጭ ጋቢ ሥዕሉን ሲሞላው «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ጠይሙ ፊት ይጠቁራል፣ ዐይን ይጠፋል። በቀለም ፊልም ዘመን ነገሩ የባሰ ነበር። የኮዳክ ፊልም የሚታጠብባቸው ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉበት ናሙና የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶግራፍ ነበረና፣ የጥቁር ሰው መልክ በደንብ አይወጣም ነበር። ፊልሙ እንዲሻሻል ካስገደዱት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙበታል፤ የሸቀጣቸው ቡናማ ቀለም አልለይ ብሏቸው ነው! የኛ አባቶች ፊት ከቸኮሌት ያነሰ ተሟጋች ነበረው ማለት ነው። ዛሬ በስልክ የሚያነሣ ሰው በመስታወቱ ላይ የአባቱን ፊት በጣቱ ቢነካ መለኪያው ፊቱን ያያል። እኩለ ቀን ላይ አያንሣ፤ የቀትር ፀሐይ ዐይን ሥር ጥላ ይጥላል። ጧት አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከሰዓት በኋላ ዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ አለዚያም በቤቱ ጥላ ሥር ይሁን።

ፎቶግራፍ ቤት ለሚሄዱት ደግሞ ሌላ ማስጠንቀቂያ አለን። አሁን ኮት ማዋስም ቀርቶ በኮምፒውተር የሚያለብሱ አሉ። አንገቱን ቆርጠው በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ይተክሉታል። የእናትን ግንባር ያለሰልሳሉ፣ የአንገቷን ንቅሳትም ያጠፋሉ። ያ ንቅሳት በልጅነቷ በመርፌ ተወግታ ያገኘችው ጌጥ ነው፤ እንዲጠፋ ከማዘዛችን በፊት እርሷን እንጠይቅ። ፎቶግራፍ አንሺው ሳይታዘዝ እንዳያደርገውም ቀድሞ መንገር ይገባል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ልጅ ለበዓል ወደ አገሩ ልግባ ሲል መንገዱ እየተዘጋ ብዙ ቤተ ሰብ ሳይገናኝ ከርሟል። ስለዚህ «ለሚቀጥለው ፋሲካ፣ ልብስ ሲሟላ እንነሣለን» ማለት ለእኛ ትውልድ ውድ ቀጠሮ ነው። የተገናኙ ዕለት ባለው ልብስ ይነሡ። ያልመጣ ወንድም ካለ፣ በኮምፒውተር ከዳር ከሚለጥፉት፣ ሥፍራውን ትተው የራሱን ፎቶግራፍ እናቱ በእጇ ብትይዘው ይሻላል፤ አለመኖሩም መወደዱም አብሮ ይታያል።

ከታጠበ በኋላ በጀርባው፣ በስክሪብቶ ሳይሆን በለስላሳ እርሳስ፣ የሁሉም ስም ከነአባቱ፣ ቦታውና ቀኑ ይጻፍ። ለየልጁ አንዳንድ ቅጂ ይታጠብ፤ ወደ ሊበን የሚላከው ግን ትልቁ ይሁን። ግድግዳ ላይ ሲሰቀልም ከምድጃው ጢስና በበሩ ከሚገባው የጧት ፀሐይ ራቅ ይበል።