«ብየዳ» ስንል የትኛውን ማለታችን ነው?

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በወርክሾፕ ውስጥ በየቀኑ የምንጠራቸውን የሙያ ቃላት ይመለከታል። ለአንዳንዶቻችን ነገሩ ትንሽ ይመስል ይሆናል፤ ለነገ አስተማሪ ግን ትንሽ አይደለም።

አምቦ፣ ጉደር ወይም ጊንጪ ካለ አንድ የብረት ሥራ ቤት ጎራ ብንል የምንሰማው ቋንቋ ብዙ ነው። ላሜራ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሞርሳ፣ ካቻቢቴ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። መዶሻ፣ ጉጠት፣ ወናፍ የአማርኛ ናቸው። ብረት በኦሮምኛ ሲቢላ፣ ቀጥቃጩም ቱምቱ ይባላል። መጽሐፉ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ይህ ድብልቅ ሀብት እንጂ ነውር አይደለም። የሚያስቸግረው አንዱ ቃል ሁለት ሦስት ነገር ሲሸከም ነው።

ለምሳሌ «ብየዳ»ን እንውሰድ። የበር ብረት በኤሌክትሮድ ሲያያዝም ብየዳ ነው፤ የራዲዮ ሽቦ ሲያያዝም ብየዳ ነው። ነገር ግን በመጀመሪያው የሁለቱ ብረቶች ጠርዝ ራሱ ቀልጦ አንድ ይሆናል፤ ለዚህም 1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ያስፈልጋል። በሁለተኛው ሽቦው አይቀልጥም። የሚቀልጠው የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጡ ብቻ ነው፤ ለእርሱም 190 ዲግሪ ገደማ ይበቃል። «ቆርቆሮ» ስንል ደግሞ ተማሪው የቤት ክዳን ይመስለዋል! የቤት ክዳኑ በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው፤ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያመጣል።

ቀጥቃጩ «ብረቱን ውሃ አጠጣው» ይላል። ጥሩ አባባል ነው፤ ግን ሥራው በዚህ አያልቅም። ግሎ ውሃ የጠጣ መሮ ይጠነክራል፣ ግን ይሰባበራል። ስለዚህ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ መልሶ ማሞቅ ያሻል። ብረቱ እንዲለሰልስ ሲፈለግ ደግሞ ግሎ ቀስ እያለ እንዲቀዘቅዝ ይተዋል። ሦስቱን በአንድ ቃል ያስተማረ መምህር፣ የመሮው ስባሪ የልጁ ዐይን ውስጥ ሲገባ ምን ሊል ነው?

«ኮረንቲ»ም እንዲሁ ነው። ቮልቱም ኮረንቲ፣ አምፔሩም ኮረንቲ! የብየዳ ማሽን ከግድግዳ 220 ቮልት ይቀበላል፤ ብልጭታው ዘንድ ቮልቱ ከ20 እስከ 30 ይወርድና አምፔሩ ከ100 በላይ ይወጣል። ታዲያ ኮረንቲው ጨመረ ወይስ ቀነሰ?

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ሁሉንም በእንግሊዝኛ ብለን እንገላገል» ይላሉ። እኛ አንስማማም። ነገ በየወረዳው የምናገኛቸው ሕፃናት በአፋን ኦሮሞ የሚማሩ ናቸው። እንግሊዝኛውን ሸምድዶ ነገሩን ያልጨበጠ ሰው ለእነርሱ ምን ያወርሳል? ሌሎች ደግሞ ቃሉን ሁሉ ከግዕዝ እንፍጠር ይላሉ። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የደከመበትና በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ትልቅ ሥራ ነው፤ ልንገልጠውም ይገባል። ሆኖም ቃል በመጽሐፍ ብቻ አይኖርም፣ እጅ ሲሠራበት ነው የሚኖረው።

እንግዲህ ሐሳባችን ይህ ነው። በወርክሾፑ በር ላይ አንድ ሰንጠረዥ እንስቀል። በአንዱ ዓምድ የሠራተኛው ቃል፣ በሌላው አፋን ኦሮሞው፣ ቀጥሎ እንግሊዝኛው፣ በመጨረሻም በአንድ መስመር ትርጉሙ ይጻፍ። የጎደለውን ከቀጥቃጮችና ከበያጆች ጠይቀን እንሙላ። ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው፤ እኛም ገና ተማሪ ሳለን ቃላችንን እናጥራ እንላለን።

ከዕጩ መምህራን