ፖምፓው ከመፈታቱ በፊት

ዛሬ ከጓዳ ወጣ ብለን ስለ መኪና እንነጋገር። «ይህማ የወንዶች ጉዳይ ነው» የምትሉ እህቶች ገጹን አትለፉት። በሐይቅና በአምባሰል የስንቱ ቤት እንጀራ በአንድ አሮጌ የናፍጣ መኪና ላይ ተንጠልጥሏል! መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለውን ጠግኖ መያዝ የግድ ሆኗል።

መኪናው ኃይል ሲያጣ አንዱ «ፖምፓው ሞቷል» ይላል፤ ሌላው «ኖዝሉ ነው» ይላል። የዕቁብ ገንዘብ ይወጣል፣ የሚስት ወርቅ ይሸጣል፣ ፖምፓው ተፈትቶ ይገጠማል። ችግሩ የተዘጋ ፊልትሮ ከነበረ ግን መኪናው ያው ነው፤ ቤት ውስጥ ጠብ ተጨመረ እንጂ።

ጥሩ መካኒክ ከቀላሉና ከርካሹ ይጀምራል። ነዳጁ የሚሄድበትን መንገድ ከታንከሩ ጀምሮ ይከተላል። ናፍጣው በጀሪካን የተገዛ ከሆነ ውኃና ቆሻሻ እንዳለበት ያያል፤ ከፊልትሮው ሥር የተጠራቀመውን ውኃ ያፈሳል። የፖምፓና የኖዝል ክፍሎች እጅግ ተጠጋግተው የተገጠሙ ስለሆኑ ጥቂት ውኃና አቧራ ይበላቸዋል። ጠዋት ጠዋት አልነሣ ካለ በቱቦው አየር ገብቶ ሊሆን ይችላል። ሜዳውን ደኅና ሄዶ ከሐይቅ ወደ ደሴ ያለው ዳገት ላይ የሚደክም መኪና ብዙ ጊዜ የናፍጣ ፊልትሮው ተዘግቷል፤ ዳገት ብዙ ነዳጅ ይጠይቃልና።

ጭሱም ይናገራል። ጥቁር ጭስ ነዳጅ በዝቷል ወይም አየር አንሷል ማለት ነው፤ አስቀድሞ የአየር ፊልትሮው ይታይ። ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ራሱ ይሳሳል። ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው። ሰማያዊ ከሆነ የሚቃጠለው የሞተር ዘይት ነውና ፖምፓውን በከንቱ አትክሰሱት።

ኖዝሎቹ የሚመረመሩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በአሮጌ ሞተር መካኒኩ ሞተሩ እየሠራ የእያንዳንዱን ኖዝል ቱቦ በየተራ ያላላል። የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር፤ ካልተለወጠ ሕመሙ በዚያ በኩል ነው። ይህን ግን ለባለሙያ ተዉት። ከኖዝል የሚወጣ ናፍጣ በግፊቱ ቆዳ በስቶ ይገባል።

ቅዱስ ቃሉ በምሳሌ 18፥13 ነገሩን ሳይሰሙ መልስ መስጠት ሞኝነት መሆኑን ያስተምረናል። በቤታችንስ? ባል አምሽቶ ገብቶ ዝም ሲል «ፍቅሩ ቀዝቅዟል» እንላለን፤ ምናልባት የዕለቱ ገቢ ጎድሎበት ይሆናል። ልጅ ትምህርት ሲጠላ «ሰነፍ» እንለዋለን፤ ምናልባት ዓይኑ ሰሌዳውን አያይለትም። ጭሱን ብቻ አይተን ዋናውን ነገር ለመፍታት እንቸኩላለን። ተፈትቶ የተበተነ ትዳር ደግሞ እንደ ፖምፓ በቀላሉ አይገጠምም።

እንግዲህ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ባልና ሚስት አብራችሁ መካኒኩን ጠይቁ፦ ውኃው ፈሷል? ፊልትሮዎቹ ታይተዋል? ኖዝሎቹ ተፈትነዋል? ማታ ደግሞ እርስ በርሳችሁ «ምን ደከመህ? ምን ደከመሽ?» ተባባሉ፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ስሙ።

ጌታ ጉዟችሁንም ቤታችሁንም ይጠብቅ። አሜን።