ቅብጥብጡን ልጅ ከደጀ ሰላም አንመልሰው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን ጽሑፍ የምጀምረው ጥፋቴን በመናገር ነው። ከአራት ዓመታት በፊት በሰንበት ትምህርት ቤታችን የክረምት ኮርስ ላይ ሕፃናትን አስተምር ነበር። ከተማሪዎቼ መካከል አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረ። ደብተሩን በየሳምንቱ ይጥላል፤ ወንበሩ ላይ አምስት ደቂቃ አይረጋም፤ ጥያቄዬን ሳልጨርስ መልሱን ይናገራል። አንድ ቀን ስለ ኖኅ መርከብ ሳስተምር ሦስት ጊዜ አቋርጦኝ «አንበሳው በጉን ለምን አልበላውም?» ሲል ጠየቀኝ። መልካም ጥያቄ ነበር። እኔ ግን የሰማሁት ጥያቄውን ሳይሆን ረብሻውን ነበር። በጓደኞቹ ሁሉ ፊት «አንተንስ የያዘህ ነገር አለ» ብዬ በሩን አሳየሁት። በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣም፤ ከዚያ በኋላም ቀረ።

ያን ጊዜ ልቤን ያጸናብኝ አንድ ነገር ነበር። ይኸው ልጅ በመዝሙር ጥናት ጊዜ ከበሮ ሲሰጠው ሌላ ሰው ይሆናል፤ ምቱን ሳይስት፣ ግራ ቀኝ ሳያይ አንድ ሰዓት ይቆያል። «ለከበሮው ሲሆን ቀልብ አለው፤ ለቃለ እግዚአብሔር ሲሆን የለውም፤ እንግዲህ ይህ እልኸኝነት ነው» ብዬ ፈረድሁ። ፍርዴ ስሕተት መሆኑን የተረዳሁት በዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ትምህርት ስከታተል ነው። መምህራችን በእንግሊዝኛው አጠራር ኤዲኤችዲ ስለሚባለው፣ በአማርኛ የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር ስለምንለው ሁኔታ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ሲዘረዝሩ የዚያ ልጅ ፊት ዓይኔ ላይ ድቅን አለ።

ዛሬ ልነግራችሁ የምሻው ይህን ነው። ቀልቡ የማይሰበሰብ ሰው ስናይ ሰነፍ፣ ባለጌ ወይም ርኩስ መንፈስ ያደረበት ነው ብለን ለመፍረድ አንቸኩል። አእምሯቸው ከብዙዎቻችን በተለየ መንገድ የሚሠራ ወንድሞችና እኅቶች አሉን፤ ይህን ሳናውቅ የምንሰጠው ፍርድ ከቤተ ክርስቲያን ያርቃቸዋል።

አእምሮው እንዴት ይሠራል?

ከግንባራችን በስተጀርባ የሚገኘው የአንጎል ክፍል እንደ ልጓም ነው። ለመናገር ስንቸኩል የሚያቆየን፣ የተነገረንን በልባችን ይዘን እንድንቆይ የሚረዳን፣ አሰልቺውን ሥራ ስለ ነገ ጥቅሙ እንድንታገሠው የሚያደርገን እርሱ ነው። ለዚህ ሥራው ዶፓሚንና ኖርኤፒኔፍሪን የተባሉ፣ በአንጎል ሕዋሳት መካከል መልእክት የሚያመላልሱ ንጥረ ነገሮች ያስፈልጉታል። ኤዲኤችዲ ባለበት ሰው ዘንድ የዚህ ክፍል እድገትና የእነዚህ መልእክተኞች አሠራር ይለያል።

እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ተመራማሪዎች ኤዲኤችዲ ያለባቸውን 223 ልጆች ከሌሎች 223 ልጆች ጋር በአንጎል ምስል አነጻጽረው ነበር። የአንጎል ውጫዊ ንጣፍ ከፍተኛ ውፍረቱ ላይ የሚደርሰው በሌሎቹ ልጆች ሰባት ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ ኤዲኤችዲ ባለባቸው ግን ዐሥር ዓመት ተኩል ገደማ ሆኖ ተገኘ። የእድገቱ ቅደም ተከተል ተመሳሳይ ነው፤ የሚለየው ጊዜው ነው። መዘግየቱ ይበልጥ ጎልቶ የታየውም በዚያ ልጓም ባልነው በፊተኛው ክፍል ነው። እንቅስቃሴን የሚመራው ክፍል ግን በእነዚህ ልጆች ጥቂት ቀድሞ ደርሶ ተገኝቷል። እስኪ አስቡት! እግሩ ለሩጫ ተዘጋጅቷል፤ ልጓሙ ግን ገና አልጠበቀም። የዘጠኝ ዓመቱን ልጅ «እንደ እኩዮችህ ጸጥ በል» ስለው ገና ያልደረሰለትን ነገር ነበር የጠየቅሁት።

የከበሮውስ ነገር? «የትኩረት ማነስ» የሚለው ስም ያሳስተናል። የእነዚህ ሰዎች ችግር ትኩረት ማጣት ሳይሆን ትኩረታቸውን ወደ ፈለጉት አቅጣጫ መምራት አለመቻል ነው። ሌሎቻችን አንድ ነገር አስፈላጊ መሆኑን ካወቅን፣ ባይጥመንም እንኳ ራሳችንን አስገድደን እንቀመጥበታለን። ለእነርሱ ግን አስፈላጊነቱ ብቻውን አይበቃም፤ ነገሩ የሚማርክ፣ አዲስ፣ ወዲያው ምላሽ የሚሰጥ ወይም ቀኑ የደረሰ ሲሆን ነው አእምሯቸው የሚነቃው። ከበሮ እጅን ያሠራል፤ እያንዳንዱ ምት በቅጽበት ድምፅ ሆኖ ይመለሳል። የእኔ ትምህርት ግን አርባ ደቂቃ ቁጭ ብሎ ማድመጥ ነበር። በከበሮው ላይ ያየሁት ትጋት የእልኸኝነቱ ማስረጃ አልነበረም፤ አእምሮው እንዴት እንደሚሠራ የሚነግረኝ ምልክት ነበር።

ችግሩ ሁልጊዜ በመቅበጥበጥ ብቻ አይገለጥም። ከኋላ ወንበር ጸጥ ብላ ተቀምጣ ሐሳቧ ሌላ ቦታ የሚባክን ልጅ አለች፤ ስለማትረብሽ ማንም አያስተውላትም። በሴቶች ልጆች ላይ ሳይታወቅ ከሚቆይባቸው ምክንያቶች አንዱም ይህ ነው። ሲያድጉም መቅበጥበጡ ይቀንሳል እንጂ መዘንጋቱና ጊዜን መመጠን አለመቻሉ ከብዙዎች ጋር ይቆያል። የቤት ሥራውን ዘወትር በመጨረሻዋ ሌሊት የሚሠራ፣ ቀጠሮ እየረሳ ወዳጆቹን የሚያስቀይም የግቢ ጉባኤ ወንድማችን ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል። በዓለም ላይ ከመቶ ሕፃናት አምስት ያህሉ ይህ ሁኔታ እንዳለባቸው ይገመታል። በዚህ ስሌት አምሳ ልጆች በሚማሩበት ክፍል ሁለት ወይም ሦስቱ እንደዚህ ናቸው ማለት ነው።

ማን በደለ?

ባለፈው ዓመት ይቅርታ ለመጠየቅ ወደ ልጁ ቤት ሄጄ ነበር። እናቱ ወደ ሐኪም ወስደውት ኤዲኤችዲ እንዳለበት እንደተነገራቸው አጫወቱኝ። ቡናውን እየቀዱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዲያቆን፣ ምን አጥፍቼ ይሆን? ስላልቀጣሁት ነው?» አሉኝ። ወዲያው ትዝ ያለኝ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ የምናነበው ነው። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው የበደለው እርሱ ይሁን ወላጆቹ ጌታን ጠይቀውት ነበር። ጌታችንም ጥፋቱን በሁለቱም ላይ አላደረገም። እኛ ግን እስከ ዛሬ ያንኑ ጥያቄ እንጠይቃለን።

ሳይንሱም ከዚህ ስሕተት ነጻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1902 ጆርጅ ስቲል የተባሉ እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም እንዲህ ያሉትን ልጆች በለንደን ባቀረቧቸው ንግግሮች ሲገልጹ፣ የማሰብ ችሎታ እንደማያንሳቸው ቢያስተውሉም ችግሩን የሥነ ምግባር ቁጥጥር ጉድለት ብለው ጠርተውት ነበር። ዛሬ ግን በመንትዮች ላይ ከተደረጉ ጥናቶች እንደምንረዳው በሰዎች መካከል ለሚታየው ልዩነት ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ከዘር ውርስ ጋር የተያያዘ ነው። የአስተዳደግ ጉድለት የሚያመጣው ነገር አይደለም። እንዲያውም «ይህ ልጅ ማንን መሰለ?» እያለ የሚቆጣው አባት በልጅነቱ ራሱ እንዲህ የነበረ ሊሆን ይችላል። ለእኒያ እናት «እርስዎ አልበደሉም፤ የበደልሁት እኔ ነኝ» አልኋቸው።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ድካም ታውቀዋለች

እኔ ዲያቆን ነኝ። በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆን ምን እንደሚል አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? የተቀመጡት እንዲነሡ፣ ወደ ምሥራቅ እንዲመለከቱ፣ እንዲያስተውሉ፣ እንዲጸልዩ ደጋግሞ ያሳስባል። አባቶቻችን ይህን የሠሩት የሰው ልቡና እንደሚባክን ስለሚያውቁ ይመስለኛል። የባከነውን አያስወጡትም፤ ይጠሩታል። ደግሞ ሲባክን ደግመው ይጠሩታል። በሥርዓታችን ውስጥ ዓይን ሥዕሉን ያያል፤ አፍንጫ ዕጣኑን ያሸታል፤ ጆሮ ቃጭሉን ይሰማል፤ እግር ይቆማል፤ ጉልበት ይሰግዳል። ማኅሌታችን በእጅና በእግር ጭምር የሚከናወን ነው። የአብነት ተማሪም ትምህርቱን የሚያጠናው ድምፁን አውጥቶ እየደጋገመ እንጂ በዝምታ ተቀምጦ ብቻ አይደለም። እንግዲያው ቅብጥብጡን ልጅ የምትገፋው ቤተ ክርስቲያን አይደለችም፤ ቁጭ ብሎ በመስማት ብቻ የሚሰጠው የእኛ ክፍል ነው።

በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 4 ሙሴ አንደበቱ ኮልታፋ መሆኑን ሲናገር እግዚአብሔር ከአገልግሎቱ አላሰናበተውም፤ አሮንን በጎኑ አቆመለት እንጂ። ድካም ላለበት ሰው ልናደርገው የሚገባን ይህ ነው፤ አሮን መሆን።

«ታዲያ ይህ ለስንፍና ሰበብ አይሆንም?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ምክንያትን ማወቅና ሰበብ ማበጀት ግን የተለያዩ ናቸው። ዓይኑ የደከመ ሰው መነጽር ያደርጋል እንጂ ማንበብ አይተውም። እንዲሁ ኤዲኤችዲ ያለበት ወጣትም ጓደኛውን ሲሳደብ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ቀጠሮ ሲረሳ ማስታወሻ መያዝ ይለምዳል፤ ለንስሐ አባቱም ድካሙን ይናገራል። ደግሞም ሐሳቡ የተበተነ ሁሉ ኤዲኤችዲ አለበት ማለት አይደለም። በቲክቶክ አንድ ቪዲዮ አይተን ለራሳችን ስም አናውጣ። ሐኪም የሚመረምረው ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መታየታቸውን፣ ቢያንስ ስድስት ወር መቆየታቸውን፣ በቤትም በትምህርት ቤትም መኖራቸውንና ኑሮን ማወካቸውን ነው።

ስለ ጸበልም ጥቂት ልበል። ልጃችንን ጸበል ማስጠመቅ፣ በጸሎት ማሰብ የእምነታችን ነው፤ አንተወውም። ስሕተቱ ሕፃኑን «ጋኔን አለብህ» ብሎ ማስፈራራትና ከሐኪም መከልከል ነው። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ እርሱንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምረናል። ብዙ ወላጆች «አማኑኤል» የሚለውን የሆስፒታል ስም ሲሰሙ ይደነግጣሉ፤ ልጃቸው «እብድ» እንዳይባልባቸው ይሰጋሉ። የአእምሮ ሐኪም ዘንድ መሄድ ግን ለማንም ነውር አይደለም። መድኃኒት የሚያስፈልገው ልጅ አለ፤ የማያስፈልገውም አለ፤ ከስድስት ዓመት በታች ላሉት በቅድሚያ የሚመከረው ወላጆች ስለ ልጅ አያያዝ የሚሠለጥኑበት ሕክምና ነው። ይህን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ምን እናድርግ?

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን ሆይ፣ አርባውን ደቂቃ በዐሥር በዐሥር እንክፈለው፤ በመካከሉ ልጆቹ ይነሡ፣ ይዘምሩ። ቅብጥብጡን ልጅ ከፊት እናስቀምጠው፤ መጻሕፍቱን ያድል፣ ሰሌዳውን ያጥፋ። ትእዛዝ ስንሰጥ አንድ በአንድ እንስጥ። መልካም ሲሠራ ያኔውኑ እናመስግነው፤ ለዓመቱ መጨረሻ የምናዘገየው ሽልማት ለእርሱ እጅግ ሩቅ ነው። ተግሣጹን ግን ለብቻው፣ በለሆሳስ እናድርገው።

ወጣቶች ሆይ፣ ጸሎት ስትጀምሩ ሐሳባችሁ እየባከነ «እግዚአብሔር አይሰማኝም» ብላችሁ ተስፋ የቆረጣችሁ ካላችሁ ለንስሐ አባታችሁ ንገሯቸው። አጭር ጸሎት ደጋግሞ መጸለይ፣ ቆሞ መጸለይ፣ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ፣ የጸሎት ሰዓትን በስልክ ደወል ማስታወስ ይረዳል። ሐሳባችሁ መቶ ጊዜ ቢሄድ መቶ ጊዜ መልሱት፤ መመለሱም ራሱ ጸሎት ነው።

ያ ልጅ ዛሬ 13 ዓመቱ ነው። ይቅርታ በጠየቅሁት ቀን ጣቶቹ ጠረጴዛውን ከመምታት አላረፉም ነበር። ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ «ብመለስ ቁጭ ማለት አለብኝ?» አለኝ። «የለብህም፤ ከኋላ መቆም ትችላለህ» አልሁት። አሁን በመዝሙር ክፍል ከበሮ ይመታል። በትምህርት ሰዓት አንዳንድ ጊዜ በመካከል ወጥቶ በግቢው ዛፎች ሥር ይዞርና ይመለሳል። እኛም በሩን ክፍት እንተውለታለን። ስለ አንበሳውና ስለ በጉ ግን ገና ተነጋግረን አልጨረስንም።

ቀልባችን ሲባክን ደጋግሞ የሚጠራን አምላክ፣ እኛም ወንድሞቻችንን ደጋግመን የምንጠራበትን ትዕግሥት ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።